አባ ድሜጥሮስና የ194,313 ቀኖች ቀመር

በየዓመቱ ጥቅምት 12 ቀን በስንክሳር የሚታሰብ አንድ የወይን ገበሬ አለ፤ ስሙ ድሜጥሮስ ነው። የእስክንድርያ 12ኛ ፓትርያርክ ነበረ። ጾምና በዓል የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ ከእርሱ ስም ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ በአገራችን ስሙ ከቁጥር ጋር እንደ እርሱ የተቆራኘ ሰው የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ይሁን እንጂ የአብነት ተማሪ ካልሆነ በቀር ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ሠራና በተለይም ምን እንዳልሠራ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አናገኝም። የኦይለርንና የጋውስን ቁጥሮች መበተን የምንማር ሰዎች በአያቶቻችን እጅ ያለውንም ቁጥር እንዲሁ ልንበትነው ይገባል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ከመካከላችን የቢስቲማ ልጆች አለን። ቢስቲማ የወረባቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ይደርስባታል። በዚያ አገር ሙስሊሙ የረመዳንን ጨረቃ ከሰማይ ፈልጎ ይጾማል፤ ክርስቲያን ጎረቤቱ ደግሞ ካህናቱ በሒሳብ ያወጡለትን ቀን ይዞ ይጾማል። አንደኛው በዓይን፣ ሁለተኛው በቁጥር ይሂድ እንጂ የሚከተሏት ጨረቃ አንዲት ናት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ሲመጣ ያስተዋለ የቢስቲማ ልጅ፣ ማንም ሳያስተምረው የባሕረ ሐሳብን የመጀመሪያ ቁጥር አውቋል። ይኸውም አበቅቴ የሚባለው 11 ነው። ወደዚህ ቁጥር ከመግባታችን በፊት ግን የሰውዬውን ሕይወት እንመልከት።

ትውፊቱ እንደሚለው ድሜጥሮስ የአባቱን የወይን ቦታ የሚያለማ፣ ፊደል ያልቆጠረ ባለ ትዳር ነበረ። 11ኛው ፓትርያርክ አባ ዮልያኖስ ሊያርፍ በተቃረበ ጊዜ፣ በማግሥቱ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው በመንበሩ እንደሚተካ በራእይ ተነገረው። ወራቱ ወይን የሚያፈራበት አልነበረም። ድሜጥሮስ ግን ከአትክልቱ ውስጥ ያለ ጊዜው የበሰለ ዘለላ አገኘና ለፓትርያርኩ በረከት ይሁን ብሎ ይዞ ሄደ። ወይን ሊሰጥ የሄደው ገበሬ ፓትርያርክ ሆኖ ቀረ። ሕዝቡ ግን ሚስት ያለው ሰው እንዴት በማርቆስ መንበር ይቀመጣል ብሎ አጉረመረመ። እርሱና ሚስቱ በአንድ ቤት እየኖሩ ድንግልናቸውን ጠብቀው ነበርና ይህንኑ ለመግለጥ በጉባኤ ፊት የእሳት ፍም በልብሳቸው ያዙ፤ ልብሳቸውም አልተቃጠለም ይባላል። ይህ ነገር መጋቢት 12 ቀን ለብቻው ይታሰባል።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው የቂሳርያው አውሳብዮስ ስለ ወይኑ ዘለላም ስለ ፍሙም የሚነግረን የለም። የሚሰጠን ደረቅ ያለውን ነው። ድሜጥሮስ በሮማዊው ንጉሥ በቆሞዶስ 10ኛ ዓመት፣ ማለት በ189 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (የጥንቱን ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንሰጣለን)፣ ተሾመ፤ 43 ዓመትም በመንበሩ ተቀመጠ። ይህ ረጅም ዘመን ነው። በዚህ ዘመን ውስጥ ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ነገር ከቁጥር ጋር ሳይሆን ከአንድ ወጣት ጋር የተያያዘ ነው።

ወጣቱ አርጌንስ ይባላል፤ ፈረንጆች ኦሪጀን የሚሉት ነው። በ202 ገደማ በሰፕቲሚዮስ ሰዌሮስ ዘመን በተነሣው ስደት አባቱ ሊዮኒድስ በተገደለ ጊዜ 17 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ድሜጥሮስ ይህን ልጅ በ18 ዓመቱ የእስክንድርያ ትምህርት ቤት ኃላፊ አደረገው። ከመምህራን የሚበዙት በስደቱ በተበተኑበት ሰዓት፣ ፊደል ያልቆጠረ ነበር የሚባለው ጳጳስ ከተማዋ ያላትን ትልቁን አእምሮ አውቆ ወንበር ሰጠው። ለወጣት እንዲህ ያለ ኃላፊነት የሚሰጥ ሽማግሌ በየትኛውም ዘመን ብዙ አይደለም።

ዳሩ ግን ነገሩ በዚያው አልቀጠለም። አርጌንስ ዝናው እየገነነ ሄዶ ወደ ፍልስጥኤም በወረደ ጊዜ፣ የኢየሩሳሌምና የቂሳርያ ጳጳሳት ክህነት ሳይኖረው በጉባኤ ቆሞ መጻሕፍትን እንዲተረጉም ፈቀዱለት። ድሜጥሮስ ይህን አልወደደውም፤ ወደ አገሩ እንዲመለስ አስጠራው። ከዓመታት በኋላ፣ በ230 ገደማ፣ እነዚያው ጳጳሳት ቅስና ሾሙት። በዚህ ጊዜ ድሜጥሮስ ጉባኤ ሰብስቦ አርጌንስን ከእስክንድርያ አስወጣው። አርጌንስም በቂሳርያ ተቀምጦ እስኪሞት ድረስ ሲያስተምር ኖረ። ድሜጥሮስ የሥርዓት ሰው እንደ መሆኑ መጠን በሌላ ሀገረ ስብከት የተደረገ ሹመት ሕግ ማፍረስ መስሎ ታይቶታል፤ ክርክሩ ባዶ አልነበረም። እኛ ተማሪዎች ነንና ልባችን ወደ ተባረረው ቢያዘነብል አይፈረድብንም። ያም ሆነ ይህ፣ ወንበሩን የሰጠውም የነሣውም አንድ እጅ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ድሜጥሮስ በተሾመበት ሰሞን ክርስቲያኖች ስለ ፋሲካ ቀን ይጣሉ ነበር። በእስያ ያሉት ከአይሁድ ጋር በጨረቃዋ 14ኛ ቀን፣ በየትኛውም ዕለት ቢውል፣ ያከብራሉ። ሌሎቹ እሑድን መጠበቅ ይገባል ይላሉ። የሮማው ጳጳስ ቪክቶር የእስያን ሰዎች ከማኅበር ሊለይ እስከ መዛት ደርሶ ነበር። በዚያው ጊዜ የፍልስጥኤም ጳጳሳት በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ከእስክንድርያ ጋር እየተጻጻፉ ቀኑን በአንድነት እንደሚያከብሩ መስክረዋል፤ ይህንንም አውሳብዮስ መዝግቦታል። በታሪክ ረገድ የድሜጥሮስ ዘመን ድርሻ የተረጋገጠው በዚህ ነው፤ በአንድ ቀን ለማክበር መፈለግና መጻጻፍ።

ትውፊታችን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ድሜጥሮስ ጾምና በዓል ሥርዓት እንዲይዙ ሲመኝ መልአክ ተገልጦ ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ እንዲይዝ ነገረው ይባላል። ሱባዔ 7 ነው። 23 ጊዜ 7፣ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይቀራል። ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 ጊዜ 7፣ 49 ይሆናል፤ 30 ሲወጣለት 19 ይቀራል። ይህ ጥንተ መጥቅዕ ነው። 11ና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ስለዚህ በ30 ግድፈት ሒሳብ 19 ማለት ከዜሮ በታች 11 ማለት ነው። በማናቸውም ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 የሚሆኑበት ምሥጢር ይኸው ነው፤ አንዱ 11 ሲወጣ ሌላው 11 ይወርዳል።

የ11 ምክንያት ግልጥ ነው። 12 የጨረቃ ወሮች 354 ቀን ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፤ ልዩነቱ 11። ሙስሊሙ ይህን ትርፍ እንዲሁ ስለሚለቀው ረመዳን በክረምትም በበጋም ይዞራል። ፋሲካ ግን ከወቅቱ እንዳይወጣ የተፈለገ በዓል ስለ ሆነ፣ ትርፉ ተጠራቅሞ ወር ሲሞላ መጣል አለበት። ጥያቄው ስንት ዓመት ቢሄድ የጨረቃ ወርና የፀሐይ ዓመት ያለ ቀሪ ይገጥማሉ የሚል ነው። በ8 ዓመት ውስጥ 99 የጨረቃ ወር አለ ቢባል ስሕተቱ አንድ ቀን ተኩል ይሆናል። በ19 ዓመት 235 ወር ቢባል ግን ስሕተቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ሜቶን የተባለው የአቴና ሰው 19ኙን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አውጆታል፤ ባቢሎናውያንም ይህንኑ ዑደት ይሠሩበት ነበር። እርግጥ 19 ጊዜ 11፣ 209 ሆኖ በ30 ሲገደፍ 29 ነው የሚቀረው፤ ዑደቱ እንዲዘጋ አንድ ቀን መዝለል ግድ ይሆናል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ አበቅቴው 18 ከሆነበት ከመጨረሻው ወንበር በቀጥታ ወደ ዜሮ ወንበር የሚዘልለው ስለዚህ ነው።

የጨረቃዋ ነገር በ19 አለቀ፤ እሑድን ለማግኘት ግን የዕለታት ነገር ይቀራል። 365 በ7 ሲካፈል 1 ስለሚቀር ዕለት በየዓመቱ አንድ፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ደግሞ ሁለት ይሄዳል። እንግዲህ በ4 ዓመት 5 ዕለት መሄዱ ነው። 5ና 7 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ዕለቱ ከነወንጌላዊው የሚመለሰው 4 ጊዜ 7 ሲሆን፣ ማለት በ28 ዓመት ነው። ይህ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። 19 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 28ን አያካፍልም። ስለዚህ የ19ና የ28 ትንሹ የጋራ ብዜት ብዜታቸው ራሱ ነው፤ 532። ሊቃውንቱ ዐውደ ቀመር ይሉታል። ጨረቃ፣ ዕለትና ወንጌላዊ ሦስቱም በአንድነት የሚመለሱት ከ532 ዓመት በፊት አይደለም። ጨረቃና ወንጌላዊ ብቻ በ76 ይገጥማሉ፤ እርሱም ዐውደ ማኅተም ነው። የሮማ ሰዎች ደግሞ በ84 ዓመት ዑደት ይሠሩ ነበር። 84 የ28 ብዜት ስለ ሆነ ዕለቱን በቀላሉ ይመልሳል፤ የጨረቃ ስሕተቱ ግን ከ19ኙ ይበልጣል። የእስክንድርያ ሰዎች አጭሩን ትተው ረጅሙን መረጡ።

532 ዓመት በቀን ሲቆጠር 194,313 ቀን ነው። ይህን ቁጥር እንበትነው፤ 3 ጊዜ 7 ጊዜ 19 ጊዜ 487፤ አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። 3ና 487 ሲባዙ 1,461 ይሆናሉ፤ ይህም የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ቀን ነው። 7 ሳምንት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ያለ ቀሪ 27,759 ሳምንት ይሆናል። 19 የጨረቃዋ ድርሻ ነው። በቁጥሩ ውስጥ ትርፍ አካፋይ የለም፤ ሁሉም ሥራ አለው። በጨረቃ ሲቆጠር 6,580 ወር ነው፤ ለቢስቲማው ሙስሊም ጎረቤታችን ይህ 548 የሒጅራ ዓመትና 4 ወር ነው። የሒጅራ ሒሳብ ሠንጠረዥ ደግሞ በ30 ዓመት ውስጥ 19 ዓመት ባለ 354 ቀን፣ 11 ዓመት ባለ 355 ቀን ያደርጋል። 11ና 19 እዚያም አብረው መገኘታቸው አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

እርሳስ የያዘ አንባቢ ይከተለን። የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 5500 ሲደመርበት 7518 ነው። በ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱ ይተውና ወንበሩ 12 ነው። 12 ጊዜ 11፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 ጊዜ 19፣ 228፤ ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ስለ ሆነ መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ትገባለች። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 25ና 9፣ 34፤ በ30 ሲገደፍ ፋሲካ ሚያዝያ 4። አሁን 532 ከ2018 ይቀነስ፤ 1486 ዓ.ም. ይሆናል፤ የአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ሊያበቃ የተቃረበበት ዓመት ነው። በዚያም ዓመት ዘመኑ ማርቆስ፣ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ፣ ፋሲካውም ሚያዝያ 4 ነበረ። አዲሱ 15ኛው ዐውደ ቀመር የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ሲሆን የሚፈጸመው በ2480 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወጣው ድሜጥሮስ ነውን? የታሪክ ማስረጃ አዎን ለማለት ያስቸግራል። ከእርሱ በኋላ ከ247 ጀምሮ በመንበሩ የተቀመጠውና የአርጌንስ ተማሪ የነበረው ዲዮናስዮስ፣ ለፋሲካ የ8 ዓመት ዑደት እንዳቀረበ አውሳብዮስ ይናገራል። 19ኙ በድሜጥሮስ ዘመን ተወስኖ ቢሆን ኖሮ ተተኪው ወደ ደካማው 8 ባልተመለሰም ነበር። በ19 ዓመት የፋሲካን ሠንጠረዥ ያዘጋጀው የእስክንድርያው ተወላጅ አናጦልዮስ ነው፤ በኋላ የሎዶቅያ ጳጳስ የሆነው። የ532ቱን ዑደት የዘረጋው ደግሞ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነበረው የእስክንድርያ መነኩሴ አንያኖስ ነው። በላቲን አገር ቪክቶርዮስ የተባለ ሰው በ457 ወደዚሁ ቁጥር ደርሷል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሒሳብ ታሪክ ሊቅ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጥንቱ የእስክንድርያ ስሌት ከሌላው ቦታ ይልቅ በግዕዝ መጻሕፍት ተጠብቆ መገኘቱን አሳይቷል። ለዚህ ምስጋናው የሚገባው በየገዳሙ ቁጥሩን በቃል ሲያስጠኑ ለኖሩ ስማቸው ላልተጻፈ መምህራን ነው።

ይህን ስንል ትውፊቱን ለማቃለል አይደለም። በጥንት ዘመን ብዙ ሰው የደከመበት ሥራ በአንድ ስም ይጠራል፤ የሥራው ባለቤት ተደርጎ የተመረጠው ግን አንያኖስ ወይም አናጦልዮስ ሳይሆን የወይን ገበሬው መሆኑ ያስገርመናል። ያልተማረ ሰው ሒሳቡን ከሰማይ ተቀበለ ሲባል፣ ቁጥሩ የሊቅ መኩሪያ ሳይሆን የሁሉ ንብረት ሆነ። በእኛ አስተያየት ባሕረ ሐሳብ ከሊቃውንት ወደ ገጠሩ ደብር ሊዘልቅ የቻለው በዚህም ምክንያት ነው። የዋጋውን ሌላ ወገን ደግሞ አንርሳ፤ የተሰጠ ነገር ሲሆን ለማረም ድፍረት ይጠፋል።

መታረም የሚያሻው ነገር አለና። ቁጥሩ ያለ ቀሪ ይዘጋል፤ ሰማይ ግን አይዘጋም። 6,580 እውነተኛ የጨረቃ ወሮች ከ194,313 ቀን አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ገደማ ያንሳሉ። 532 እውነተኛ የፀሐይ ዓመታት ደግሞ ከ4 ቀን በላይ ያንሳሉ። ጥቂቷ ስሕተት በመቶ ዓመታት ተጠራቅማ ዛሬ በዓይን ትታያለች። በ2018 ዓ.ም. በሒሳቡ የፋሲካዋ ጨረቃ 14ኛ ቀን መጋቢት 28 ሲሆን፣ በሰማይ የሞላችው መጋቢት 24 ነው። ጨረቃን በዓይኑ የሚከተል የወረባቦ ሰው ይህን ልዩነት ያለ መነጽር ያየዋል። ፈረንጆች በ1582 ስሌቱን ሲያርሙ 10 ቀን ከዘመናቸው ላይ ጣሉ፤ የጨረቃውንም ሒሳብ አስተካከሉ። ዋጋውም የዑደቱ መርዘም ሆነ፤ የእነርሱ ፋሲካ በሙሉ ተራው የሚመለሰው በ5,700,000 ዓመት ነው። ሰማይን ይበልጥ ተጠጉ፤ ነገር ግን ያንን ዑደት በጣቱ መገጣጠሚያ የሚቆጥር ቄስ አይገኝም።

ድሜጥሮስ አርጌንስን ካስወጣ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ231 ወይም በ232 ዐረፈ። በመንበሩ የተተካው ያራክላስ የአርጌንስ የትምህርት ባልደረባ የነበረ ነው፤ ቢሆንም መምህሩን ወደ እስክንድርያ አልመለሰውም። ከእርሱ ቀጥሎ ከላይ ያነሣነው ዲዮናስዮስ መጣ። ስለዚህ ከገበሬው ፓትርያርክ በኋላ መንበሩ ተከታትሎ የተያዘው በተባረረው ሰው ትምህርት ቤት ልጆች ነው። የፋሲካው ሒሳብም ያደገው በዚያችው ከተማ፣ ያንኑ ትምህርት በወረሱ እጆች ነው፤ ስሙ ግን የድሜጥሮስ ሆኖ ቀረ።

የ2019 ዓ.ም. ፋሲካን ማውጣት ለአንባቢያችን ትተነዋል። ወንበሩ 13 ነው፤ መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት እንደሚውል አይዘንጋ፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። ሚያዝያ 24 ያልወጣለት ሰው አንድ ቦታ ግድፈቱን ዘሏል ማለት ነው።